የተልባ ዘይት በሬን ከዝገት ያድንልኛል?

ጥያቄ፦ የውጭ የብረት በራችን ዝገት አስቸገረን። ጓደኛዬ «የተልባ ዘይት ቀባው፣ ይበቃዋል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ከዕፅዋት ዘይት የሚሠራ «ሃይብሪድ» የሚባል ቅብ እንዳለ አነበብኩ። ሁለቱ አንድ ናቸው? እቤት መቀላቀልስ ይቻላል?

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ ጓደኛዎም ቢሆን ከመሬት ተነስቶ አላወራም። የተልባ ዘይት እንደ ወይራ ዘይት እርጥብ ሆኖ አይቀርም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዙና ስስ ሽፋን ይሆናል። የድሮው የዘይት ቀለም የሚደርቀውም እንዲሁ ነው።

ችግሩ ሽፋኑ ለስላሳ ነው፣ ውሃና ኦክስጅንም ቀስ እያለ ያሳልፋል። ይባስ ብሎ ብረቱ ሲዝግ ከቅቡ ሥር አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር) ይፈጠራል፤ ዘይትና አልካሊ ሲገናኙ ሳሙና እንደሚሆኑ ሳሙና የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ቅቡም እንዲሁ ይለቃል። አንዲት ጭረት ባለችበት ዙሪያ ቀለሙ አብጦ በጥፍር ሲነኩት እንደ ልጣጭ ብድግ የሚለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሃይብሪዱ ላይ ዘይቱ ከሲሊካ ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል። ሲሊካ የአሸዋም የመስታወትም ዋና ንጥረ ነገር ነው፤ እዚህ ግን በዱቄት መልክ ተበትኖ አይደለም የሚገባው። ብዙ ጊዜ ቴትራኢቶክሲሲሌን ከሚባል ፈሳሽ ይነሳና ውሃ ሲያገኝ እዚያው ቅቡ ውስጥ መረብ ይሠራል። መረቡ ውሃና ጨው እንዳይገባ መንገዱን ያጠባል፣ ዘይቱ ደግሞ ቅቡ ከብረቱ ጋር እንዲለጠጥ ያደርገዋል። መጠኑ ላይ ነው ጣጣው። ሲሊካው ከበዛ ቅቡ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ቅብ ደግሞ ውሃ አቁሮ ስለሚይዝ ባዶ ብረት ይሻላል ቢያሰኝም አይገርምም። በጉሎ ዘይት የሚሠራም አለ። እሱ በራሱ አይደርቅም፤ ሃይድሮክሲል የሚባል የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ በሞለኪውሉ ላይ ስላለው ግን አይሶሳያኔት ከሚባል ማጠንከሪያ ኬሚካል ጋር ተዋህዶ ፖሊዩሬታን የሚባል ፕላስቲክ ይሆናል።

እቤት መቀላቀሉን ይተዉት። አይሶሳያኔት ሳንባ ይጎዳል፣ የቴትራኢቶክሲሲሌኑም ትነት ቀላል አይደለም።

ይልቅ ጉልበትዎን ዝግጅቱ ላይ ያውሉት። የላላውን ዝገት በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ያስለቅቁ፣ ቅባቱን ይጥረጉ፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቅብ)፣ በላዩ ሁለት ዙር ቀለም። ውሃ የሚቋጥረውን የበሩን ታችኛ ጠርዝና የተበየደበትን ቦታ ሁሉም ሰው ይረሳል፣ ዝገቱ ግን ከእዚያ ነው የሚጀምረው። በሩ ዚንክ የተለበጠ ከሆነ የዘይት ቀለም በቀጥታ አይቀቡት፤ ከዚንኩ ጋር ሳሙና ሠርቶ ይላጣል።

የተልባ ዘይቱን «ልሞክረው» ካሉ ደግሞ የጠረጉበትን ጨርቅ ጨምድደው ጥግ አይጣሉት። ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር ክብሪት ሳይነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ በሞላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይንከሩት፣ ወይም ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።