ያገለገለ ባትሪ ለቤት ሶላር፦ የጠያቂዎቻችን ጥያቄና መልሱ

አንድ የሽምብጥ ነዋሪ ያገለገለ የመኪና ባትሪ ሊገዙ ሲሉ ሻጩ በቴስተር ለክቶ 12.6 ቮልት እንዳሳያቸው ጽፈው፣ «ልመነው ወይ?» ይላሉ።

በዚህ ቁጥር ብቻ አይመኑት። ከቻርጀር ገና የተነቀለ ያረጀ ባትሪም ይህን ያህል ሊያሳይ ይችላል፤ አቅሙ የሚታወቀው ሥራ ሲጫንበት ነው። ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ ሞልቶ ጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ የመኪና የፊት መብራት አምፑል ያገናኙበትና ቴስተሩን ሳያነሡ ግማሽ ሰዓት ያህል ይከታተሉት። ቮልቱ ፈጥኖ ከ12 በታች ከወረደ፣ ወይም መክደኛዎቹ ሲከፈቱ ከስድስቱ ክፍሎች በአንዱ ያለው ፈሳሽ ጠቁሮ ከታየ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ደህና ሆኖ ቢያገኙት እንኳ የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት በውስጡ ባሉ ስስ የብረት ሳህኖች የተሠራ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሁሉ ቴሌቪዥን ካሸከሙት ቶሎ ይደክማል። ለአምፑልና ለስልክ ይጠቀሙበት፤ አርፎ ሲለካ ወደ 12.2 ቮልት ከወረደ ግማሹ አልቋልና ያቁሙ።

«ከአዲሱ ባትሪ ጋር አሮጌውን ባጣምረው ኃይል አይጨምርልኝም?» ላሉት የደቅ ደሴት ጠያቂ፦ አያጣምሩት፤ ደካማው አዲሱን ይዞት ይወድቃል።

«የጣናን ውሃ አጥልዬ ልጨምርበት?» አይሆንም፤ ለባትሪ ተብሎ የሚሸጠውን ዲስትልድ ውሃ ብቻ ይጨምሩ።

ከዘጌ የጻፉልን እናት ደብዳቤ ግን አሳስቦናል። ልጃቸው ከከተማ ያመጣውን አሮጌ ባትሪ «አድሰዋለሁ» ብሎ ፈታው፤ አሲዱን ከቡናው ሥር ደፋው፤ ሳህኖቹን ሐይቁ ዳር አጠበ፤ መልሶ የገጠመውን ባትሪም ሕፃናቱ ከሚተኙበት አልጋ ሥር አስቀመጠው። እናት «ጉዳት ይኖረው ይሆን?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

አዎን፣ ከባድ ጉዳት አለው። ባትሪውን ዛሬውኑ ከመኝታ ክፍሉ አውጥተው ነፋስ በሚገባበት፣ እሳት በማይደርስበት ቦታ ያኑሩት፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጂን በተዘጋ ክፍል ከተጠራቀመ በአንዲት ክብሪት ይፈነዳል። ከዚህ የሚብሰው ሳህኖቹ የተሠሩበት መርዛማ ብረት፣ እርሳሱ ነው። የተደፋው አሲድም ሆነ ከሳህኖቹ የታጠበው ግራጫ ዝቃጭ እርሳስ የተሸከመ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ቢነሰነስበት አሲዱ ይበርድ ይሆናል እንጂ እርሳሱ አይጠፋም። በአፈሩ ላይ የሚጫወት ሕፃን እጁን ወደ አፉ ሲያደርግ አብሮ ይገባና የአእምሮ እድገቱን ይጎዳል፤ ጉዳት አያደርስም ተብሎ የታወቀ መጠንም የለውም። ጣና ደግሞ ዓሣ የምናወጣበት፣ በዳርቻው ያለ ብዙ ሰውም የሚጠጣው ውሃ ነው፤ ባትሪ ሊታጠብበት ፈጽሞ አይገባም። ልጆቹን ከቡናው ሥር ያርቁ። ሐኪም ዘንድ ወስደውም በቤትዎ ባትሪ መፈታቱን በግልጽ ይናገሩና በደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ እንዲመረመር ይጠይቁ። ሕመም ስላልታየባቸው ብለው ይህን አያቆዩት፤ እርሳስ ሳያሳምምም ይጎዳል። የሞተ ባትሪ ከእንግዲህ ሳይከፈት፣ እንደቆመ፣ አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስቡ ነጋዴዎች ይሰጥ።

«ፊውዝ የግድ ነው?» የግድ ነው፤ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፣ ለባትሪው ተጠግቶ ይግባ። ልኩን ኤሌክትሪሻን ይንገርዎ።