መልስ፦ ሪሌው ሲበራ አርዱይኖው ለምን ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሳል?
ወንድሜ፣ ለእንቁላል መፈልፈያው አምፖል የሚያበራውን ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በቀጥታ ከአርዱይኖ ኡኖ፣ ማለትም ፕሮግራም ከሚጫንባት ትንሿ ሰሌዳ፣ እግር (ፒን) ጋር አገናኝተህ፣ ሪሌው «ጠቅ» ባለ ቁጥር ሰሌዳው እንደ አዲስ ይነሳብኛል ብለሃል። ፕሮግራምህን አትውቀስ። የ5 ቮልት ሪሌ ጥቅል ሽቦ ወደ 70 ሚሊአምፔር ይስባል፤ እግሩ ግን ሳይጨነቅ የሚሰጠው 20 ብቻ ነው፣ 40 የመጨረሻው ጣሪያ። ሰሌዳው የሚጠፋብህ ለዚህ ነው።

በመሃል 2ኤን2222 ትራንዚስተር አስገባ፤ በትንሽ ጅረት ትልቁን ጅረት የሚያዝልህ እሱ ነው። ከአርዱይኖው እግር ወደ ቤዙ (የትራንዚስተሩ ትእዛዝ መቀበያ እግር) 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርግ። በሪሌው ጥቅል ሽቦ ላይ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) በግልባጭ እሰር፣ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ 5 ቮልቱ። ሪሌው ሲጠፋ የሚወረወረውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያበርደው እሱ ነው። እኔ «ይቺ ምን ታደርጋለች» ብዬ ትቻት ሁለት ትራንዚስተር ቀብሬአለሁ። ዳዮድ ለመግዛት አዲስ አበባ አትውረድ፤ ከተቃጠለ ቆጣቢ አምፖል ግርጌ ብዙ ጊዜ 1ኤን4007 የሚባሉ አራት ዳዮዶች ይገኛሉ። የመስታወት ቱቦውን ብቻ እንዳትሰብር፣ ሜርኩሪ አለበት።

በደብረ ብርሃን ብርድ ሣጥኑ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ 37.5 ዲግሪ ላይ ብቻ ከወሰንከው ሪሌው ሌሊቱን ሲንጫጫ ያድራል። በ37.3 ይብራ፣ በ37.7 ይጥፋ። አምፖሉ ያለበት ወገን 220 ቮልት ነው፤ ሳትነቅል አትንካ።

ልትከፍቱት ያሰባችሁትን የጋራ ወርክሾፕ በተመለከተ፣ አንድ መበየጃና አንድ መልቲሜትር (ቮልትና ጅረት መለኪያ) ካላችሁ ጀምሩ። መሣሪያ ከመጨመራችሁ በፊት ደብተር አስቀምጡ፤ ዕቃ ያቃጠለ ሰው ምን እንዳቃጠለና እንዴት እንደሆነ ይጻፍበት። የመጀመሪያውን ገጽ አንተ በዚህ ሪሌ ክፈተው።