«አንጀቱ ይቆረጥ ተባለ፤ እሺ እንበል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው። ክሮንስ የሚባል የአንጀት በሽታ አለብህ ተብሎ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን ሲውጥ ከረመ። አሁን እህል በቀመሰ ቁጥር ሆዱ ይነፋል፣ ያስመልሰዋል። አንጀቱ ስለጠበበ በቀዶ ሕክምና ይውጣ አሉን። እናታችን «ሆዱ ከተቀደደ ልጄ ሰው አይሆንም፤ ጠበሉን ይጨርስ» ብላ አለቀሰች። እሱ ደግሞ የፈራው ሆድ ላይ የሚለጠፈውን የሰገራ መቀበያ ከረጢት ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን አትቆጫት። ግን ይበልጥ የሚያስፈራው አንጀቱ ጨርሶ ተዘግቶ ወይም ተበስቶ በሌሊት፣ በጥድፊያ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ነው። በቀጠሮ ሲሆን አደጋው ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ጫፎች እዚያው ተገጣጥመው ይሰፋሉ። ከረጢት የሚያስፈልገው መግል ሲኖር ወይም ሰውነቱ በጣም ሲጎዳ ነው፤ ያም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ለወራት ብቻ ነው።

መቁረጥም ሁልጊዜ ግድ አይደለም። የጠበበው ቦታ አጭር ከሆነ በቁመቱ ተቀዶ በወርዱ ይሰፋል፤ አንጀቱ ሳይቀነስ መተላለፊያው ሰፊ ይሆንለታል።

እኔ ብሆን በቅድሚያ የምጠይቀው ስለ ቲቢ ነው። የአንጀት ቲቢ የሚወደው ቦታ ክሮንስም የሚወደውን፣ ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበትን ነው። ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ፕሬድኒሶሎን ግን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ቲቢን ያባብሳል። ከአንጀቱ ናሙና ተወስዶ ለቲቢ ታይቷል ወይ በሉ። ፕሬድኒሶሎኑ በቀን ከ20 ሚሊግራም በላይ ለሳምንታት ከተወሰደ ስፌቱ ቶሎ አይጠግግም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስለት። በራሱ ድንገት እንዳያቆም!

እስከዚያው ቆሎና ሽንብራ ይቅርበት። ቀጠን ያለ አጥሚት፣ እንቁላልና ወተት ይውሰድ፤ ጾም ከሆነ የነፍስ አባቱን ያስፈቅድ። ሲጋራ ካለ ዛሬውኑ ይተው፤ በሽታውን ከሚመልሱት ነገሮች ዋነኛው እሱ ነው።

አዎ፣ ይመለሳል። ክሮንስን ቢላዋ አይነቅለውም፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚነሳው ስፌቱ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በካሜራ ይታይ። የትንሹ አንጀት መጨረሻ ከወጣ ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 መርፌ ሊያስፈልገው ይችላል።

ጠበሉን ይጠመቅ፣ ማን ይከለክለዋል? በማሰሮ እየቀዱ ማጠጣቱ ግን ይቅር፤ የጠበበው አንጀቱ ያንን ሁሉ ማሳለፍ አይችልም። ሆዱ ተወጥሮ አየርም ሰገራም መውጣት ካቆመ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።