ያልመጣውን ሰው ፈልጉት

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት በሚከታተል ጥናት ውስጥ ሥራ ልትጀምሩ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ወዲያውም አንድ ነገር ልነግራችሁ ቸኮልኩ። እኔ በዚህ ሥራ መጀመሪያ በነርስነት፣ ኋላም የጥናት መረጃ አስተባባሪ ሆኜ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ከሁሉ አብልጦ ያስተማረኝ በመዝገቡ ላይ ባዶ የቀረው መስመር ነው። የቀጠሮው ቀን ተጽፎ የክብደት፣ የደም ግፊትና የቫይረስ መጠን ቦታዎች ሁሉ ክፍት የቀሩበትን መስመር ስታዩ ዓይናችሁ ወደ ቀጣዩ እንዳይሮጥ። እዚያው ቁሙ። ያ ሰው የት ሄደ?

እኔ ሥራ ስጀምር ታካሚን ከሸኘን በኋላ በልባችን የምንጠይቀው ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይደርስ እንደሆነ ነበር። ዛሬ ጥያቄው ሌላ ነው። በ2024 መጨረሻ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዓለም ላይ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ሰዎች ቁጥር ወደ 40.8 ሚሊዮን ሲገመት፣ ከእነዚህ 31.6 ሚሊዮን የሚሆኑት ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። መድኃኒቱን በጊዜ የጀመረና ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ዕድሜው ቫይረሱ ከሌለበት እኩያው ጋር ተቀራርቧል። እንግዲህ የምንጠይቀው እነዚያ ዓመታት በምን ዓይነት ጤና እንደሚያልፉ ነው፤ ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ አጥንቱ፣ የማስታወስ ችሎታው፣ እንቅልፉ እንዴት እንደሚሆን። መድኃኒት ለሃያ ዓመት የወሰደ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ደግሞ ሃያ ዓመት ከመጠበቅ በቀር አቋራጭ የለም።

መጠበቅ ምን እንደሚያፈራ ላሳያችሁ። በ1984 በአሜሪካ በባልቲሞር፣ በቺካጎ፣ በፒትስበርግና በሎስ አንጀለስ ወደ 5,000 የሚጠጉ ወንዶች የተመዘገቡበት ጥናት ተጀመረ። ቫይረሱ ከተለየ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ የደም ምርመራው እንኳ ለአገልግሎት የተፈቀደው በ1985 ነው። እነዚያ ሰዎች በየስድስት ወሩ እየመጡ ደም ይሰጡ ነበር። ደሙ ምን እንደሚናገር ግን ሰጪውም ቀጂውም አያውቅም ነበር። ናሙናው በማቀዝቀዣ ተቀመጠ። በ1996 ተመራማሪዎች ከዚያ ከቆየው ደም አውጥተው በአዲስ ዘዴ ሲለኩት፣ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ሕመሙ በምን ፍጥነት እንደሚገሰግስ አስቀድሞ እንደሚያመለክት አሳዩ። ዛሬ በየክሊኒኩ ስለ ቫይረስ መጠን የሚጠየቀው ጥያቄ ክብደቱን ያገኘው እንዲህ ባለው ሥራ ነው። ደሙን ከሰጡት መካከል ብዙዎቹ ያን ቀን አላዩትም። ይህን ስለማስብ አንዲት የናሙና ጠርሙስ እንኳ በግዴለሽነት መያዝ አልሆነልኝም።

ነገር ግን ያ ታላቅ ጥናት የወንዶች ብቻ ነበር። በዚያው አገር ለሴቶች ተመሳሳይ የረጅም ጊዜ ጥናት የተቋቋመው በ1993 ነው። ሁለቱ ጥናቶች የተዋሐዱትም በ2019 ነው። ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖር ሴት በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ቫይረሱ ከሌለባት ሴት ስድስት እጥፍ ያህል መሆኑን ዛሬ እናውቃለን፤ ስለ ማረጥና ስለ አጥንቷ የምናውቀው ግን አሁንም ስስ ነው። ስለዚህ ያልመጣ ሰው ስል ከቀጠሮ የቀረውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ከመጀመሪያውም ያልተጠራ አለ።

አሁን ደግሞ ስለ ተሳሳትንበት ነገር ልንገራችሁ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መድኃኒቶቹ ከባድ ነበሩ። ስታቩዲን የሚባለው የፊትን ስብ አሟጦ ጉንጭን ያጎደጉድ፣ እግርንም ያደነዝዝ ነበር፤ ሁኔታውን ለማንም ያልተናገረ ሰው በፊቱ ይታወቅበት ነበር። ስለዚህ የበሽታ መከላከያ ሴሎቹ፣ ሲዲ ፎር የምንላቸው፣ ከፍ ያሉለት ሰው ከመድኃኒቱ ትንሽ ቢያርፍ ይጠቅመው ይሆናል የሚለው ሐሳብ ቅን ሐሳብ ነበር። ስማርት የተባለው ጥናት በ33 አገሮች 5,472 ሰዎችን አሳትፎ ይህንን ፈተነ። ግማሾቹ ሳያቋርጡ ወሰዱ። ግማሾቹ ሲዲ ፎራቸው ከ350 በላይ ሲሆን እያቆሙ፣ ከ250 በታች ሲወርድ እየጀመሩ ቀጠሉ። እኔም ያረፉት ልባቸውና ኩላሊታቸው ይድናል ብለው ከጠበቁት አንዱ ነበርኩ። በጥር 2006 ጥናቱ ከታሰበው ቀን በፊት ቆመ። ለሞት ወይም ለተጓዳኝ ሕመም የተዳረጉት ሳያቋርጡ ከወሰዱት 47፣ ካረፉት ደግሞ 120 ሰዎች ነበሩ። ይባስ ብሎ ከባድ የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመምም በብዛት የታየው ባረፉት ላይ ነው። ከመድኃኒቱ ብቻ ይመጣል ያልነው ጉዳት ቫይረሱም እጁ አለበት ማለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ዓመታት ወስዷል፤ በእኔ ግምት ከዚህ ሙያ ዕውቀት ሁሉ ልታጠኑት የሚገባው ይህ ነው። ቫይረሱ ገና ሲገባ የአንጀትን የመከላከያ ሴሎች ያጠቃል። የአንጀት ግድግዳ ሲላላ የባክቴሪያ ርዝራዦች ወደ ደም ይሾልካሉ፤ ሰውነትም ጠላት በር ላይ እንዳለ ሆኖ ዕረፍት ያጣል። ይህ የማያባራ የሰውነት መቆጣት፣ ብግነት የምንለው፣ የደም ሥሮችን ግድግዳ ቀስ እያለ ይጎዳል። መድኃኒት በእጅጉ ያበርደዋል፤ ጨርሶ አያጠፋውም። ታማሚው ደግሞ ምንም አይሰማውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በትክክል ለዚህ ይሠራል። ደህና ነኝ የሚል ሰው የደም ግፊቱን መለካት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነም ስለ ማጨሱ መነጋገር የክትትሉ አካል የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ቁጥር ላይም ተጠንቀቁ። በ2003 አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት ጥምር ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በተወሰደ በእያንዳንዱ ዓመት የድንገተኛ የልብ ሕመም ዕድል በ26 በመቶ እንደሚጨምር አስነበበ። ይህ ወሬ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ መድኃኒቴን ላቁም የሚሉ ሰዎች በር ላይ ቆመው አይቻለሁ። እውነቱን የሚያሟላው ሌላው ቁጥር በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ነበር፤ ከ23,468 ሰዎች መካከል በክትትሉ ጊዜ ይህ ሕመም የገጠማቸው 126 ነበሩ። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ለታማሚ አንዱን ብቻ መንገር ግን እውነት መናገር አይደለም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ሪፕሪቭ የተባለው ጥናት ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ 7,769 ሰዎችን ተከታትሎ ፒታቫስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ከባድ የልብና የደም ሥር ሕመምን በ35 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ተሳታፊዎቹ በተለመደው መለኪያ ለልብ ሕመም ያን ያህል የተጋለጡ የማይባሉ ነበሩ። ድንጋጤው ለጥያቄ፣ ጥያቄውም ለሕክምና በቃ።

ከድንጋጤ ጋር በተያያዘ ዶሉቴግራቪር ስለሚባለው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትም ማንሳት አለብኝ። በ2018 በቦትስዋና ጸፓሞ የተባለው የወሊድ ክትትል ጥናት፣ ሲያረግዙ ይህን መድኃኒት ይወስዱ ከነበሩ ሴቶች ከተወለዱት 426 ሕፃናት በ4ቱ ላይ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለት አገኘ። ያስፈራል። ተመራማሪዎቹ ያዩትን ወዲያው መናገራቸው ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በብዙ ስፍራ መውለድ የሚችሉ ሴቶች ሁሉ ከተሻለው መድኃኒት ተገለሉ፤ ምን እንደሚመርጡ የጠየቃቸውም ጥቂት ነበር። ጥናቱ ግን አላቆመም፤ እያንዳንዱን ወሊድ መቁጠሩን ቀጠለ። በቀጣዩ ዓመት ከ1,683 ወሊዶች 5 ሆነ፤ ቁጥሩ ሲበዛም ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ከሌሎች መድኃኒቶች የሚለይ አለመሆኑ ታወቀ። በእነዚያ የጥርጣሬ ዓመታት ሌሊት ሌሊት በወሊድ ክፍል ሕፃናትን እየመረመሩ ቅጽ የሞሉትን አዋላጆች ሳስብ ባርኔጣዬን ሳይሆን ልቤን ነው የማነሣላቸው፤ ያለ እነርሱ ፍርሃቱ እንደ እውነት ጸንቶ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። በስድስተኛው የሥራ ዓመቴ አንድ ሪፖርት አዘጋጀሁ። በክትትል ላይ ካሉት የአብዛኞቹ የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ እንደደረሰ በደስታ ጻፍኩ። ከቀጠሮ የቀሩትን "ክትትል ያቋረጡ" በሚል ርእስ ከግርጌ አስቀምጬ ከስሌቱ አወጣኋቸው። አንዲት አንጋፋ ባልደረባዬ ሪፖርቱን አነበቡና ጣታቸውን ግርጌው ላይ አሳርፈው "እነዚህስ ልጄ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለአራት ወራት ፈለግናቸው። አንዳንዶቹ ሞተው ነበር፤ ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሞቱ ያልተጻፈለት ሰው በጥናት ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ሌሎቹ በሌላ ክሊኒክ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነበር፤ ከእኛ ተሳታፊዎች የማያንስ ጤና ነበራቸው። አንደኛው በመጠባበቂያ ክፍላችን ውስጥ የሚያውቀውን ሰው አይቶ ዳግመኛ ላለመምጣት የወሰነ ነበር። ሌላኛው የሥራ ሰዓቱ ከእኛ የቀጠሮ ሰዓት ጋር ስለተጋጨ ብቻ የቀረ ነበር። ሁሉንም በአንድ ርእስ ሥር አስቀምጬአቸው ነበር። በተለያዩ አገሮች ከክትትል የወጡትን ፈልገው ያገኙ ጥናቶችም በተደጋጋሚ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ እነርሱ ሲጨመሩ የሞቱ ቁጥር ከተነገረው ይበልጣል፤ ሕክምና ያቋረጡት ቁጥር ደግሞ ከተነገረው ያንሳል።

ከዚያ ወዲህ "ጠፉ" የሚለውን ቃል አልወደውም። ጠፉ ስንል ጥፋቱን ወደ እነርሱ እናዞራለን። እኔ "ያላገኘናቸው" ብዬ እጽፋለሁ፤ የመፈለጉ ሥራ የእኛ ነውና። ፍለጋው ግን ምስጢር ጠባቂ ይሁን። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ፈቃድ ስትቀበሉ፣ ሰውየውን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁት፤ ብትቀር በምን መንገድ እንፈልግህ? ስልኩን ሌላ ሰው ቢያነሣ ማን ነን እንበል? ጭራሽ አትፈልጉኝ ካለም ያንን ጻፉና አክብሩ። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። እኛ ግን ሳንጠይቅ ስንቱን ሰው በቤተሰቡ ፊት አሳፍረናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያገኛችሁትን ለሰጣችሁ ሰው መልሱለት። በ2019 ይፋ የሆነው የፓርትነር ጥናት ሁለተኛ ክፍል አንደኛቸው ቫይረሱ ያለባቸውን ወንድ ጥንዶች ተከታትሎ፣ የቫይረስ መጠኑ በመድኃኒት ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰ ሰው ወደ ፍቅረኛው የተላለፈ አንድም ኤች አይ ቪ አላገኘም። እንዲህ ያለ ሰው ቫይረሱን በጾታዊ ግንኙነት አያስተላልፍም ማለት ነው። ይህን ለአንድ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው በነገርኩት ቀን ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ዝም አለ። አሥራ አራት ዓመት ብቻውን እንደኖረ ቆይቶ ነገረኝ። ውጤቱ በመጽሔት ከወጣ ሰንብቷል። በየሦስት ወሩ ደም እየቀዳን ስናሰናብተው አንድም ቀን አልነገርነውም ነበር።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ለአሥራ አንድ ዓመት ያላገኘናት አንዲት ሴት በገዛ እግሯ መጣች። መድኃኒቷን በሌላ ቦታ ስትወስድ ኖራለች፤ ልጆቿንም አሳድጋለች። ደም ግፊቷን ለካሁ፤ ትንሽ ከፍ ብሏል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የመጀመሪያ ቀን የሰጠችን ደም አሁንም አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የጥናት ቁጥሯን አልረሳችውም ነበር። ወደ ቤተ ሙከራው ይዣት ሄድኩ፤ ባለሙያው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ከሚያቀዘቅዘው ማቀዝቀዣ አንድ ሣጥን ስቦ አወጣና ጠርሙሷን በጓንቱ ጫፍ አመለከታት። በረዶ የያዘው ወረቀት ላይ ቁጥሯ በእኔ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ነበር። ባለሙያው ክዳኑን መልሶ እስኪዘጋ ድረስ ዓይኗን አላነሣችም። ከዚያ ቀጣይ ቀጠሮዋ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።