ተራራ ወጥቶ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ለኩላሊት እጥበት ገንዘብ ለማሰባሰብ ራስ ደጀንን ሊወጡ የተነሡ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ጥያቄያቸውን አቅርበዋል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ ጋሼ፣ ኪሊማንጃሮ ቢሆን ስሙ ብቻውን ለጋሽ አይስብም ነበር?

መልስ፦ ይስባል። ኪሊማንጃሮ ግን 5,895 ሜትር ነው፤ ያለ አስጎብኚ መውጣትም አይፈቀድም። የፓርኩ ክፍያ፣ የአስጎብኚውና የተሸካሚዎቹ ደመወዝ፣ የአውሮፕላኑ ቲኬት ሲደመር ለአንድ ሰው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይሆናል። ያን ያህል አውጥቶ ከዚያ ያነሰ ይዞ መመለስ ሽርሽር እንጂ በጎ አድራጎት አይደለም። ከራሱ ኪስ የሚችል ሰው ግን ይሂድ፤ ማንም አይከለክለውም።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የትራንስፖርትና የምግብ ወጪያችንን ከተሰበሰበው ላይ ብናነሣስ?

መልስ፦ አታንሡ። ለጉዞው ሌላ፣ ለሕሙማኑ ሌላ ገንዘብ ይሁን። የጉዞውን ተጓዡ ራሱ ይሸፍን፤ ወይም «ይህ ለመኪናችሁ» ብሎ ለይቶ የሰጠ ነጋዴ ካለ ከእርሱ ይሁን። ለሕሙማን ተብሎ የተሰጠው ብር ግን በእናንተ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ በተመዘገበው ድርጅት የባንክ ሒሳብ ይግባ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት እንኳ የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። በግለሰብ ሒሳብ የሚሰበሰብ መዋጮ፣ ሰብሳቢው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ሐሜት አያጣውም።

ጥያቄ (ከሸዋ በር)፦ ለእያንዳንዱ ሜትር 1 ብር ቃል እናስገባለን፤ ጫፍ ካልደረስን ግን ለጋሹ አይከፍልም። ጥሩ ሐሳብ ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ግማሽ ጥሩ ነው። ሰው ምን ያህል እንደሚሰጥ ወዲያው ያውቃል። በየትኛው ቁጥር እንደምትቆጥሩ ብቻ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ እኔ ትምህርት ቤት ራስ ደጀን 4,620 ሜትር ነው ተብዬ አድጌያለሁ፣ ዛሬ በብዛት የሚጻፈው 4,550 ነው። በ70 ብር የሚጣላ ለጋሽ አይጠፋም።

ሁለተኛውን ግማሽ ሰርዙት። ክፍያው ከጫፍ ጋር ከተያያዘ ራሱን እያመመው «ያ ሁሉ ብር ሊቀር ነው» ብሎ ወደ ላይ የሚገፋ ልጅ ይኖራል። ከፍታ ላይ ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው። በቃል መግቢያው ወረቀት ላይ «ተጓዡ ከየትኛውም ቦታ ቢመለስ እከፍላለሁ» የሚል መስመር ጨምሩና ለጋሹ ይፈርምበት። በዚህ የማይስማማ ለጋሽ ካለ አመስግናችሁ ተሰናበቱት። ገንዘቡን ከመነሣታችሁ በፊት መሰብሰብ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ ስትመለሱ ሰው ለማመስገን እንጂ ለመለመን አትዞሩም።

ጥያቄ (ከቧንቧ ውሃ)፦ ደሴ ራሷ ከፍታ ላይ ናት። እኛን የከፍታ ሕመም ይነካናል?

መልስ፦ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቶ የሚነሣ ሰው፣ 1,850 ገደማ ላይ ካለው የኮምቦልቻ ወንድሙ የተሻለ መነሻ አለው። ከ4,000 በላይ ግን ሁለቱም እንግዳ ናቸው። ከ3,000 ሜትር በኋላ የማደሪያችሁ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። የስሜኑ መንገድ ለዚህ ይመቻል፤ መነሻው ደባርቅ ከተማ 2,850 ገደማ፣ ከዚያ ያሉት ማደሪያዎች ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600 ሜትር ነው። አደጋው በመኪና አንድ ጊዜ ጨነቅ እስከሚባለው ማደሪያ ድረስ ሄዶ በማግስቱ ለመውጣት መቸኮል ላይ ነው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከመጣ እዚያው ቆዩ፤ ካልተሻለ ውረዱ። የተጠራጠራችሁትን ሰው በቀጥታ መስመር ላይ ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገናኘ እንዲራመድ አድርጉት። ከተንገዳገደ አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል። ተቀምጦ እያረፈ ትንፋሽ የሚያጥረውም እንዲሁ። አሲታዞላሚድ የሚባለው መድኃኒት ይረዳል፤ ያለ ሐኪም ግን አትውሰዱ፣ በተለይ የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ልምምዱን በሐረጎ አስፋልት ብናደርገውስ?

መልስ፦ ዳገቱ መልካም፣ የጭነት መኪናው ክፉ። የጦሳን ተራራ ውጡ። ውሃና በሶ በጀርባችሁ ተሸክማችሁ፣ በተለይ መውረዱን ተለማመዱ፤ የጉልበት መገጣጠሚያ ይበልጥ የሚጎዳው ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው።

ጥያቄ፦ ለብርዱ ጫት ይዘን ብንሄድስ?

መልስ፦ ቤት ይቅር። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሣል፤ የከፍታ ሕመም ያመጣውን እንቅልፍ ማጣትም ጫቱ ካመጣው መለየት አይቻልም። ለብርዱ ልብስ ያዙ። በ1,000 ሜትር ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ ጫፉ ከደሴ በ13 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ በረመዷን ልምምዱን እንዴት እናድርግ?

መልስ፦ ከኢፍጣር በፊት ባለችው ሰዓት ቀለል ያለ እርምጃ ይበቃል፤ ጠንከር ያለውን ከተመገባችሁ በኋላ አድርጉት። ዋናውን ጉዞ ግን ከጾሙ ውጪ አውሉት። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ደባርቅ ያለ ሰው ጠይቁ፤ መልሱ አስተማማኝ ካልሆነ ጦሳን ደጋግሞ በመውጣትም ቃል ማስገባት ይቻላል።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ፣ አንዲት እናት)፦ ልጄ አስም አለበት። ልከልክለው?

መልስ፦ እቴቴ፣ አስሙ በመድኃኒት የተረጋጋ ከሆነ ከፍታው ብቻውን አይከለክለውም፤ መጀመሪያ ግን ሐኪሙ ይየው። የሚነፋውን መድኃኒት በቦርሳ ሳይሆን ከልብሱ ሥር፣ ደረቱ አጠገብ ይያዘው። በብርድ የቀዘቀዘ መንፊያ የሚሰጠው መጠን ያንሳል። አንድ ትርፍም ለጓደኛው ያስይዝ።