ለካቢኔ የሚቀርብ ምክር እንዴት ይዘጋጃል? ከባሕር ዳር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በባሕር ዳር በሚገኙ የክልል መሥሪያ ቤቶች ለካቢኔ የሚቀርቡ የውሳኔ ሐሳቦችን በማርቀቅ ከ20 ዓመታት በላይ አገልግዬ በጡረታ ተገልያለሁ። ስለዚህ ሥራ ማወቅ የምትፈልጉ ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ተደጋግመው የመጡትን እነሆ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የሚወስኑት ሹማምንቱ ናቸው። ታዲያ የባለሙያው ድርሻ ምንድን ነው?

መልስ፦ አዋጅ የሚወጣው በሕግ አውጪው ምክር ቤት ነው፤ ደንብ የሚያወጣው ካቢኔው፣ ማለትም በክልል መስተዳድር ምክር ቤቱ፣ በፌዴራል ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ መመሪያ ግን በቢሮ ወይም በሚኒስቴር ደረጃ ያልቃል። ስለዚህ የባለሙያው የመጀመሪያ ምክር ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ በየትኛው ደረጃ መታየት እንዳለበት መንገር ነው። በመመሪያ የሚያልቅ ጉዳይ ካቢኔ ድረስ ሄዶ ወራት ሲያስቆጥር፣ አዋጅ የሚሻ ጉዳይም በደንብ ሊሸፈን ሲሞከር አይቻለሁ። ከዚህ ባሻገር፣ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 72 መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት በጋራ ለሰጡት ውሳኔ የጋራ ኃላፊነት አለባቸው። የጤናው ኃላፊ ስለ መንገድ በተወሰነው ጉዳይ አብሮ ተጠያቂ የሚሆን ከሆነ፣ ሙያው ላልሆነ ሰው የሚገባ ሰነድ ማዘጋጀት የባለሙያው ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ሰነዱ ላይ በትክክል ምን ይጻፋል?

መልስ፦ የጣናን ዓሣ በምሳሌነት እንውሰድ። ላቢዮባርበስ በሚል ሳይንሳዊ ስም ከሚታወቁት የሐይቁ ዓሦች በርካቶቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸው በፊትም ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ቦታ ይሰበሰባሉ። ዓሣው በብዛት የሚገኝበት ስፍራ ስለሆነ መረብ የሚዘረጋውም እዚያው ነው። አንድ ባለሙያ በእነዚህ ወራት የወንዞቹ አፍ ከማስገር ይዘጋ የሚል ሐሳብ ሊያቀርብ ነው እንበል።

ጀማሪ ባለሙያ ስለ ዓሣው ሥነ ሕይወት አሥር ገጽ ይጽፋል። ይህን የምለው ራሴን ስለማውቅ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ 14 ገጽ ጽፌ ለኃላፊዬ ባቀርብለት እስከ መጨረሻው ገልጦ፣ «መልካም፤ አሁን እኔ ምን ብዬ ነው የምፈርመው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ካቢኔው ማወቅ የሚፈልገው ዓሣው መቼ እንደሚራባ በአንድ አንቀጽ ከተነገረው በኋላ፣ በደንገል ታንኳ እያሰገረ የሚያድረው ሰው በእነዚያ ወራት ምን ይበላል፣ ጥበቃው በማን ጀልባ ይዘዋወራል፣ ነዳጁ ከየትኛው የበጀት ርዕስ ይከፈላል፣ መረቡ የተያዘበት ሰው በየትኛው ሕግ ይጠየቃል የሚሉትን ነው። አማራጮቹም ቢያንስ ሦስት መሆን አለባቸው፦ ሙሉ በሙሉ መዝጋት፣ የመረቡን ዓይን ስፋት ብቻ መወሰን፣ ወይም አሁን ባለበት መተው። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ዝም ማለትም ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውም ስንት እንደሆነ ካልተጻፈ ግን ሰብሳቢው «ለሚቀጥለው እንየው» ብሎ ያሳድረዋል።

ሰነዱ አጀንዳ ከመያዙ በፊት ገንዘብ ቢሮ በወጪው፣ ፍትሕ ቢሮ በሕጋዊነቱ ላይ አስተያየት ሊሰጡበት ይገባል። አስጋሪዎቹንም ማነጋገር የቸርነት ጉዳይ አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ በአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል።

ጥያቄ፦ ኃላፊው መስማት የማይፈልገውን ነገር እንዴት ይነግሩታል?

መልስ፦ ብቻውን ሳለ፣ ከስብሰባው አስቀድሞ፣ በአንድ ገጽ ማስታወሻ። በሰው ፊት የተነገረ ምክር እንደ ወቀሳ ይቆጠራል፤ ከውሳኔ በኋላ የተነገረውም አይጠቅምም። ኃላፊው የማይወደውን አማራጭ ሆን ብሎ አዳክሞ መጻፍ ግን ከዝምታ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም አማራጭ ያየ እየመሰለው ሳያይ እንዲወስን ያደርገዋል። በእኔ ዕድሜ ከሙስና ይልቅ ይሉኝታ ያበላሸው ሰነድ ይበዛል።

ጥያቄ፦ ምክሩ ሳይወሰድ ቢቀርስ?

መልስ፦ ውሳኔው ሕጋዊ እስከሆነ ድረስ የራስህ ሐሳብ እንደሆነ አድርገህ ታስፈጽማለህ። ሰነድህ በፋይሉ ይቀመጣል፤ ይዘኸው ቡና ቤት አትወጣም። ውሳኔው ከሕግ ጋር የሚጋጭ ከሆነ የሚጋጭበትን አንቀጽ ጠቅሰህ ለኃላፊህ በጽሑፍ ታሳውቃለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትእዛዝ በስልክ ብቻ ሲሰጥ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ይህ በእኔም ደርሷል። አንድ ኃላፊ በስልክ «ሐሳቡን ቀይረህ ዛሬውኑ ላከው» አለኝ፤ ቀየርሁ፣ ላክሁ። ከዓመት በኋላ ኦዲተሮች መጥተው ለውጡን ማን እንዳዘዘ ሲጠይቁ በፋይሉ ላይ የነበረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር፤ ኃላፊውም አላስታውስም አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን እንደዘጋሁ «ዛሬ በስልክ በሰጡኝ ትእዛዝ መሠረት ሁለተኛውን አማራጭ አውጥቻለሁ» የሚል ሁለት መስመር ጽፌ፣ ቀንና ሰዓት አስፍሬ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባ ነበር። አንዳንዱ ይቀየም ነበር፤ አብዛኛው ግን ማስታወሻው ሲደርሰው ትእዛዙን መልሶ ያጤነው ነበር።

ጥያቄ፦ ተራው ሰው እነዚህን ሰነዶች ማየት ይችላል?

መልስ፦ የጸደቀው ደንብ በክልሉ «ዝክረ ሕግ» ጋዜጣ ስለሚታተም ማንም ያነበዋል። ከመጽደቁ በፊት ያለው ምክር ግን በተለምዶ ከቢሮው አይወጣም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ ከነገደቦቹ ነው።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ተመርቄ በአንድ ቢሮ ተቀጥሬአለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመዝገብ ቤት ጀምር። ከዚህ በፊት በካቢኔ የወደቁ የውሳኔ ሐሳቦችን አስወጥተህ፣ ኃላፊዎቹ በኅዳጉ ላይ በእጃቸው የጻፉትን አንብብ። ጉዳይህ ዓሣ ከሆነ ደግሞ ንጋት ላይ ታንኳዎቹ ወደሚጠጉበት ዳር ወርደህ፣ ዓሣውን የሚመዝነውን ሰው ጠይቅ።