ቤት ስገባ ለምን እጮሃለሁ?

ጥያቄ፦ ባንክ መስኮት ላይ ገንዘብ ስቀበልና ስከፍል ነው የምውለው። ደንበኛ ሲቆጣኝ ፈገግ ብዬ አስተናግዳለሁ። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ትንሽ ብር ከጎደለ እጄ በረዶ ይሆናል፣ ልቤ ድው ድው ይላል። ቤት ስደርስ ልጄ ጫማውን መሃል ቤት ስለጣለ ብቻ እጮህበታለሁ። ሰው ሁሉ «ተረጋጊ» ይለኛል። እንዴት? ጸባዬ ተበላሽቶ ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጸባይሽ አልተበላሸም። ብር ሲጎድል ስርዓተ ነርቭሽ «አደጋ መጣ» ብሎ አድሬናሊን የሚባለውን ሆርሞን ይለቅቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከቆዳ ሸሽቶ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል፣ እጅሽ የሚቀዘቅዘውም ለዚህ ነው። ሰውነት እንዲህ የሚሆነው ለመታገል ወይም ለመሸሽ ሲዘጋጅ ነው። አንቺ ግን ወንበርሽ ላይ ነሽ፤ አትታገዪ፣ አትሸሺ። ያ ሁሉ ውጥረት አብሮሽ ታክሲ ተሳፍሮ ቤት ይገባል።

«ተረጋጊ» ማለት ብዙም አይረዳም፤ ልብ በትእዛዝ አይዘገይም። ትንፋሽ ግን ይታዘዛል። አየር ስናስወጣ ቬገስ የሚባለው፣ ከአንጎል ተነስቶ እስከ ልብና ሆድ የሚወርደው ነርቭ ልብን ያዘገየዋል። ስለዚህ እስከ 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። 5 ደቂቃ ያህል ቀጥዪ። ልጅሽ ፊት ቆመሽ ከጀመርሽው ግን ረፍዷል። ምልክትሽን እወቂ፤ አንዳንዱ ጥርሱን ይነክሳል፣ የሌላው ትከሻ ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ያንቺ እጅሽ ነው። እጅሽ ሲቀዘቅዝ «ጀመረኝ» በይና እዚያው መስኮቱ ላይ ትንፋሽሽን አርዝሚ። ማታ ደግሞ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ወርደሽ ፈጠን ፈጠን እያልሽ ተራመጂ፤ ለሥራ የተዘጋጀ ጡንቻ ሥራ ይፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ ቡና ቀንሺ። የጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ለቁጣ ቅርብ ነው።

የጎደለውን ከኪስሽ የምትከፍዪ ከሆነ ግን ፍርሃትሽ እውነተኛ ነው፣ ትንፋሽ ብቻውን አይፈታውም። አለቃሽን አነጋግሪ። ከጮህሽ በኋላም ልጅሽን ዝም ብለሽ አትለፊው፤ «ደክሞኝ ነው፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በይው።

አርፈሽ ተቀምጠሽም ልብሽ የሚመታ፣ እጅሽ የሚንቀጠቀጥና ክብደትሽ የሚቀንስ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራ አድርጊ።